ደላላው አሥራ ስድስት በይ ብሎኛል

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ነው። ረፋድ ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ ጡቴ አጋተ። ወተቱ ሸሚዜን አልፎ ነጠላዬን አራሰው። ኃላፊዬን «አንድ ሰዓት ልሂድና ልመለስ» ብዬ ለመንኩ። ከጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ተኮናትሬ ማራኪ ወደሚገኘው ቤቴ ሄድኩ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ሞግዚቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ልጄን አዝላታለች። ልጄ ስድስት ወሯ ነው፤ በአሮጌ ነጠላዬ ተጠቅልላ፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ተኝታለች። ሞግዚቷ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው እየተወዛወዘች እሹሩሩ ትላለች። በግራ እጇ ደብተር ግድግዳው ላይ ለጥፋ ይዛለች። በቀኝ እጇ አንድ ጣት የማታክል እርሳስ አለች። የ7 ማባዣን እየጻፈች ነው። 7 ሲባዛ በ8 ላይ ጽፋ፣ በምራቋ አጥፍታ፣ እንደገና ጽፋ፣ ወረቀቱ ተቀዷል።

ስታየኝ ደነገጠች። ደብተሩን ጉያዋ ውስጥ ልትሸጉጠው ስትል አመለጣት። ልጅ አዝላ ጎንበስ ማለት ስላልቻለች እኔው አነሳሁት።

«እትዬ፣ ሥራ ትቼ አይደለም። እሷ ስለተኛች ነው» አለችኝ።

«ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?»

«አራተኛን ጨርሼ ነው የመጣሁት።»

«ዕድሜሽስ ስንት ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደላላው አሥራ ስድስት በይ ብሎኛል» አለች።

እውነተኛውን አልነገረችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም። መልሱን ብሰማ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው ያልጠየቅኳት። በማግስቱ 2:30 ላይ ቢሮ ፊርማ አለ። ልጄን ከጀርባዋ ተቀብዬ ማጥባት ጀመርኩ። እሷ ሮጣ ሄዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ። የምታጠባ ሴት እንደሚጠማት ማንም አልነገራትም፤ ጎንደር አጠገብ ደምቢያ እያለች ታናናሾቿን ያሳደገች ልጅ ናት። ውሃውን ጠጣሁት። አራት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያ ውሃ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ጥር 12

ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 12 ነው። የምሠራው አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው። ቀን መቁጠር ልማዴ ነው። ከጥቅምት ቀሪው 19፣ ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 30፣ ከጥር 11። የወሊድ ፈቃዴ ዘጠናኛ ቀን ጥምቀት ላይ ዋለ።

ጎንደር ላይ ጥምቀት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ልጄን ጡጦ አለማምድ ነበር። ጎማውን አፏ ውስጥ ሳስገባው በምላሷ ትገፋዋለች። እንደገና አስገባለሁ፤ እንደገና ትገፋለች። እልልታው በመስኮት ይገባል። እሷ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ልቅሶዋን ሰምቶ ይፈሳል። እኔ ግን አልሰጣትም። ከነገ ጀምሮ ረፋድ ላይ እንደማልኖር እንድትለምድ ነው። በማግስቱ የሚካኤል ታቦት ገና ወደ ደብሩ ሳይገባ እኔ ቢሮ ፈርሜ ነበር።

በእርግዝናዬ ጊዜ ጤና ጣቢያ ያስተማረችን እህት አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረን ነበር። «ስድስት ወር ጡት ብቻ። ውሃ እንኳን እንዳትሰጡ።» ልክ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላ ወደ ሥራ ይጠራኛል። ሁለቱም የመንግሥት ቃል ነው። አንዱ በጤና ጣቢያ በኩል ይመጣል፣ ሌላው በሰው ሀብት በኩል። በመሐል ሦስት ወር ክፍት ይቀራል። ያንን ሦስት ወር ማን እንደሚሞላው የተጻፈበት ወረቀት አላየሁም። ወረቀት ደግሞ ብዙ አያለሁ።

የተሻሻለውን መካድ አልፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 515/1999 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ነበር። ታላቅ እህቴ በ2004 ስትወልድ ያረፈችው ያንን ያህል ነው። ያኔ በየቀኑ እያለቀሰች ቢሮ ትገባ እንደነበር የገባኝ እኔ ስወልድ ነው። እኔ በወለድኩበት ጊዜ የምንተዳደርበት አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ወደ 90 አሳድጎታል። ከወሊድ በፊት ያለው 30 ሲደመር 120 ቀን ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅት የሚሠሩ እናቶችም ይህንኑ 120 ቀን አገኙ። ብዙ ሴቶች የጮሁበት ውጤት ነው።

ለአባት ግን ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ 10 ቀን፣ በግል ተቀጣሪ ከሆነ 3 ቀን ነበር። የጎረቤታችን ባል ሆቴል ይሠራል። የልጁ እትብት ገና ሳይወድቅ እሱ ሥራ ገብቷል።

እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለት ወር ተቀመጠች። ገንፎውንም፣ ልጅ ማጠቡንም፣ የሌሊቱን ልቅሶም እሷ ተሸከመችልኝ። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለችም። አባቴ አልጋ ላይ ነው። «ልጄ፣ እሱን ማን ያገላብጠዋል?» አለችኝ ሻንጣዋን እየዘጋች። በዚያን ሳምንት ደላላ ደወልኩ። በሁለተኛው ቀን ልጅቷን ይዟት መጣ። ደረቴ ላይ ነው የምትደርሰው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው አለኝ። ዓይኔ አይቶ አላመነም፤ አፌ ግን «እሺ» አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ይኸው አዋጅ ደግሞ በሰው ቤት የሚሠራን ሰው ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ብሎ ከራሱ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ደላላው ውል አላስፈረመንም። እኔም ውል አልጠየቅኩም። የአገሬ ሰው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። የእኛ ቤት ራት ያን ዓመት የቦካው በልጅ ነበር።

ላም አለኝ በሰማይ

ያን ቀን ወደ ቢሮ ስመለስ ቁልፍ መያዣዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከመዝገብ ቤቱ ቁልፎች ጋር አንድ ትንሽ ቢጫ ቁልፍ አለች። ለዓመታት ይዣት ዞሬአለሁ። የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ቁልፍ ናት። በሩ ላይ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ሰሌዳ አለ።

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝዝ ነበር። የእኛም መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ክፍል ተለይቷል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ ዕቃ ተገዝቷል፤ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሪፖርት ላይም ተጽፏል። ሪፖርቱን ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በሩን ከፈትኩ። ሽታው የአሮጌ ወረቀት ሽታ ነው። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ዳክዬዎች ተሥለዋል። ሁለት የሕፃን አልጋዎች አሉ፤ የፍራሾቹ ላስቲክ አልተቀደደም። አልጋዎቹ ላይ እስከ ጣሪያ ድረስ ካርቶን ተደርድሯል። አንዱን ካርቶን አዞርኩት። «ወጪ ደብዳቤ 2003» ይላል። በወፍራም ጥቁር እስክሪፕቶ፣ «ጪ» ላይ ጅራቷን ረዘም አድርጎ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከመውለዴ ሁለት ዓመት በፊት ነው። መዝገብ ቤቱ ሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ። ኃላፊያችን «ያ ክፍል ባዶ ነው፤ ለጊዜው እዚያ አድርጉት» አሉ። እኔና አንድ ባልደረባዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ካርቶን ስንሸከም ዋልን። ሕፃን አልጋ ላይ ደብዳቤ እየጫንኩ ምንም አልተሰማኝም። ያኔ ልጅ አልነበረኝም። ነፍሰ ጡር የነበረችው የፋይናንስ ባልደረባችን በበሩ ስታልፍ ቆም ብላ አየችን። ምንም አላለችም። እሷ በዚያው ዓመት ሥራ ለቀቀች።

በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ሄጄ አጥብቼ እንኳን ጡቴ ገና ያመኝ ነበር። አለቅስ ነበር ብል አላጋነንኩም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ላሟ ሰማይ ላይ አልነበረችም። ቁልፏ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔው ነበርኩ በረቷን በካርቶን የሞላሁት።

ከዚያን ቀን በፊት ነገሩን እንደ ራሴ ችግር ነበር የማየው። እናቴ ብትቆይልኝ፣ ቤታችን ለቢሮ ቢቀርብ፣ ልጄ ጡጦ ብትይዝልኝ እያልኩ። የደምቢያዋ ልጅ ደብተርና የ2003 ደብዳቤ በአንድ ቀን ሲገናኙብኝ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የሕፃናት እንክብካቤ ጎንደር ውስጥ አለ። በየቤቱ አለ። ወጪውም በየቀኑ ይከፈላል። የሚከፍሉት ግን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ፣ አልጋ ላይ የወደቀ ባሏን ትታ የመጣች አያትና ሥራ የለቀቀች የፋይናንስ ባለሙያ ናቸው። ደረሰኝ ስለማይቆረጥላቸው ነው የማይታዩት።

መደብ የለውም

በማግስቱ አዋጁን አትሜ ሰው ሀብት ገባሁ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ደግ ሰው ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። አንቀጹን አላነበበችውም። በቃሏ ታውቀዋለች።

«እህቴ፣ ክፍሉ አለን። ሞግዚት የሚባል የሥራ መደብ ግን መዋቅራችን ላይ የለም» አለችኝ። «መደብ ከሌለ ደመወዝ የለም። ከሌላ ርዕስ አውጥቼ ብከፍል ኦዲት ይይዘኛል።»

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አንድም ሰው ክፉ አልነበረም። አልጋ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ያበቃል። ፎቶ ተነስቶ ሪፖርት ይሆናል። ሕፃን የሚይዝ ሰው ግን በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። ፈቃድ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ጡረታ ይቆረጥለታል። መንግሥት እንክብካቤን እንደ ዕቃ ገዛው። እንደ ሥራ አልቀጠረውም። ችግሩ ሁሉ እዚህች ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጥበቃ መደብ አለ። ለጽዳት አለ። ለመዝገብ ቤት፣ ለእኔ፣ አለ። ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ደረጃና እርከን ተሰርቶለታል። ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ግን ሥራው ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንኳን አልተወሰነም።

አምስት እናቶች ሆንን። ካርቶኖቹን አውጥተን መዝገብ ቤቱ ውስጥ እንደምንም አጨቅናቸው። በወር 600 ብር አዋጣን። የእኔ ደመወዝ ያኔ ከ4,000 ብር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 600 ብር ቀላል አልነበረም። በ3,000 ብር አንዲት እናት ቀጠርን። እማማ ነው የምንላቸው። ስድስት ልጅ አሳድገዋል። እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር፤ ጭሱ ዓይናቸውን ስለጎዳው ትተውታል።

እማማ በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጡ። ማንም እናት እጇን ሳትታጠብ አትገባም። ማንም እናት ልጇን አጥብታ ስትወጣ ተደብቃ አትሄድም። «ተሰናበቱት፤ ያልቅስ። ተደብቃችሁ ከሄዳችሁ ግን በየደቂቃው በሩን ሲጠብቅ ይውላል» አሉን። ልክ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ረጋ አሉ። በኮሪደሩ የስንቱ ጫማ ሲያልፍ ዝም ይላሉ፤ የእናታቸው እርምጃ ሲሆን አንገታቸውን ያዞራሉ። እማማ አሳዩኝ። እኔ ገና ሦስት ክፍል ርቄ ስመጣ ልጄ እጇን ታራግብ ነበር። ሥራዬን እንደዚያ ዓመት ወድጄው አላውቅም። ከፋይሎቼ ስህተት የሚባል ነገር ጠፋ።

መስከረም 2015 ሲመጣ ባለቤቴ ደምቢያ ካለው ትምህርት ቤት መሸኛ አስመጥቶ ልጅቷን አምስተኛ ክፍል አስመዘገባት። የጠዋት ፈረቃ ነው የደረሳት። ከእኛው ጋር ትኖራለች፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ታግዘኛለች። ለእናቷ በየወሩ የምንልከው አልተቋረጠም። ነገሩን አስተካከልኩ ብዬ ራሴን አላታልልም። ከትምህርት ቤት መጥታ ዕቃ የምታጥብ ልጅ አሁንም ሠራተኛ ናት። ግን ደብተሩን መደበቅ ቀረ።

ማቆያው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሠራ። ከዚያ ሁለቱ እናቶች ተዘዋወሩ። የአንዷ ልጅ አደገ። ሁለት ቀረን። 3,000 ብር ለሁለት ሲካፈል 1,500 ነው። አልቻልንም። እማማን የሸኘናቸው ሐምሌ ላይ ነው። የልጄን ጉንጭ ስመው «አይዟችሁ፣ መንግሥት ይቀጥለዋል» አሉን። በዚያ ላይ የመጣውን የግጭት ዓመት የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

ማን ይክፈል?

አንድ የባለቤቴ አጎት ማኅበር ላይ ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ ሰምተው «ልጅ ማሳደግ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» አሉኝ። በአክብሮት ነው የመለስኩላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታዎን ከማን ነው የሚቀበሉት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። እርጅናም በአንድ ወቅት የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነበር። አሁን ከደመወዜ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ለስልሳ ዓመቷ እኔ እንዲህ በየወሩ ይታሰብላታል። ለሦስት ወሯ ልጄ ግን ከሁለቱም ወገን አንድ ሳንቲም አይቀመጥላትም።

የወሊድ ፈቃድ ደመወዙን ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። መንግሥት ቤት ይህ ብዙም አይታይም። በግሉ ዘርፍ ግን ይታያል። ጓደኛዬ አንድ የግል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «አግብተሻል?» ነበር። ሰውየውን ለመውቀስ ይቀላል። ግን አራት ወር ሙሉ ደመወዙን ከራሱ ኪስ የሚከፍል ትንሽ ነጋዴ ወጣት ሴት ከመቅጠር ወደኋላ ቢል አይገርመኝም። ሩዋንዳ ይህን በሌላ መንገድ ፈታችው። በፈረንጆቹ 2016 የወሊድ መድን ጀመረች። ሠራተኛው 0.3 በመቶ፣ ቀጣሪው 0.3 በመቶ ያዋጣሉ። ያኔ ከነበረው የ12 ሳምንት ፈቃድ የመጨረሻዎቹን ስድስት ሳምንታት የሚሸፍነው ያ ገንዘብ ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ የወለደም ያልወለደም ያዋጣል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ እናቶች ለአምስት 600፣ 600 ስንሸከመው የከበደን ነገር በሺዎች ቢካፈል ማንንም ባልጎዳ ነበር።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ የሕፃናት ማቆያ አገልግሎትን ስለማስፋፋት በግልጽ ይናገራል። ገጠር ብንሄድ ደግሞ ሴፍቲኔት አለ፤ ድሃ ቤተሰቦች እርከን በመሥራትና በመሰል ሥራ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም መመሪያ መሠረት ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከአካፋና ዶማው ነፃ ሆና ክፍያዋን ታገኛለች። በሥራው ቦታ ልጆች የሚቆዩበት እንዲዘጋጅና አንዷ ሴት ልጆቹን ስትጠብቅ ያ እንደ ሥራ እንዲቆጠርላት ይላል። መመሪያው ሁሉ ቦታ ይተገበራል እያልኩ አይደለም። ግን ልጅ መያዝ ሥራ ነው፣ ክፍያ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ እዚያ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ለእርከን ሥራ የተፈቀደው ለቢሮ ለምን ይከለከላል?

የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ከእኛ ውጭ ያሉት ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ ሽንኩርት ስትገዙ ከመደቡ ኋላ ተመልከቱ። ሕፃን የዘይት ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። እናቱ የወሊድ ፈቃድ የሚሰጣት የላትም፤ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ወጥታለች። አዋጁም፣ የእኛ ቢጫ ቁልፍም፣ እኔ የምጮህለት መደብም እሷን አይነካትም። ስለዚህ ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ገበያው አጠገብ፣ ቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ ለሽንኩርት ሻጯም ለእኔም እኩል የተከፈተ ቢሆን ይሻላል። የእኔ ልጅና የእሷ ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ቢድሁ ደስ ይለኛል።

ጎንደር ደግሞ ይህን ለማድረግ ሰው አያጣም። የጤና ኮሌጁ በ1947 እዚህ ሲከፈት ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም። የጤና መኮንኖችን፣ የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችንና ቤት ለቤት የሚሄዱ ነርሶችን ነው። ያኔ «እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ ማገዝ» የሚባል ሥራ አልነበረም፤ ሥራው ተፈጠረለት፤ ስም ወጣለት፤ ደመወዝ ተቆረጠለት። የሕፃን ተንከባካቢነትንም ያው ከተማ ሊያሠለጥን ይችላል። እማማን የመሰሉ ስንት ሴቶች አሉ። ከዚያም በፊት የኔታ ነበሩ። የአራት ዓመት ልጅ ፊደል ገበታውን ይዞ የኔታ ዘንድ ሲውል እናቱ እርሻ ትውላለች፤ ወላጆች በየተራ ያዋጣሉ። ሕፃናትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለሚይዝ ሰው መክፈል ለእኛ ልማዳችን ነው።

አሁን መንግሥት ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ከፍተዋል። አንደኛ ክፍል ለመግባት ለተቃረበ ልጅ ነው። ሦስት ወር ለሞላትስ?

ቁልፏ

ማቆያው ከተዘጋ ወዲህ መደብ እንዲፈቀድ ሁለት ደብዳቤ ጽፈናል። ሁለቱንም ወጪ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መልስ «በመዋቅር ጥናት ይታያል» ይላል። የሁለተኛው አልመጣም። ክፍሉን ግን ዳግም በካርቶን እንዲሞላ አልፈቀድኩም። አዲሱ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቦታ ፈልጌ ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ወር ግዢ ክፍል አዲስ የገባች ልጅ መጣችብኝ። ስምንተኛ ወሯ ነው። እያለከለከች በሬ ላይ ቆማ «እህቴ፣ ያ ማቆያ የሚለው ይሠራል እንዴ?» አለች። «አሁን አይሠራም። ስንት እናት እንዳለን ግን እንቁጠር» አልኳት። አራት ሆንን። እማማ ጋ ደወልኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ግን ፈቃደኛ ናት። ደብዳቤውን ሦስተኛ ጊዜ እየጻፍን ነው፤ እስኪመለስ ድረስ እናዋጣለን።

የደምቢያዋ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትምህርቱ እየተቋረጠ እየተቀጠለ እዚህ ደረሰች። ባለፈው እሑድ ከትምህርት ቤት ፎርም ይዛ መጣች። ለፈተናው የሚሞላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ስትሞላ ልጄ አጠገቧ ቆማ እስክሪፕቶ ካልሰጠሽኝ እያለች ትነዘንዛታለች። ስሟን ጻፈች። የአባቷን፣ የአያቷን ስም ጻፈች። ዕድሜ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ እውነተኛውን ልጻፍ?»

«እውነተኛውን ጻፊ።»

15 ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች። እኔ ምጣዱ አጠገብ እንደቆምኩ ከ15 ላይ 4 ቀነስኩ።